ድስት ልትሆን የነበረችው መኪና

ተረት መጣች! «በሩን ክፈቱላት» በሉ እንጂ። እንዲያ ነው። ገባች፣ ቁጭ አለች። አንተ ግድግዳውን መቆርቆር ተው። አንቺም እግርሽን ሰብስቢ፣ መተላለፊያውን ዘግተሽባታል።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ድሬዳዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ መኪና ነበረች። ትንሽ ስላችሁ ትንሽ ናት። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፤ ጣራም የላትም። ከእንግሊዝ አገር በመርከብ መጥታ ጅቡቲ ወረደች፣ ከጅቡቲ በባቡር ተጭና ድሬ ገባች። ቀለሟ አረንጓዴ፣ ዓይኖቿ ድቡልቡል፣ ስትነሳ ደግሞ ዘላ ነው የምትነሳው። ሰዉ ይሄን አይቶ ስሟን ፌንጣ አላት።

ባለቤቷ አሰገደች ትባላለች። ባሏ ሲሞት ፌንጣን ተወላት። በዓመት አንዴ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስርና፣ በፌንጣ የደንገጎን ዳገት ወጥታ ሐረር ትሄዳለች፤ ክርኗን በመስኮት አውጥታ። መስኮት እንኳ የላትም መኪናዋ። በሌለ መስኮት ነው ክርኗን የምታወጣው!

አንድ ዓመት፣ መሄጃው ሲደርስ፣ ፌንጣን ሳል ያዛት። ኽህ፣ ኽህ፣ ኽህ። አሰገደች ወደ ኢድሪስ ጋራዥ ወሰደቻት። ኢድሪስ መካኒክ ነው። ፊደል አልቆጠረም፤ እኔስ መች ቆጠርኩ? ጆሮው ግን ጉድ ነው። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ጎንበስ ሲል፣ የመኪናዋን የሆድ ቁርጠት ይሰማል።

«እሳቷ ሰዓቱን ስቶ ነው» አላት። «ልፍታትና ልጠባት። ከዚያ በጆሮዬ አስተካክላታለሁ፣ እትዬ አሰገደች።»

«በጆሮህ?» አለች አሰገደች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «የለም የለም የለም! ይቺ የእንግሊዝ ልጅ ናት። መጽሐፍ አላት። በመጽሐፉ ነው የምትሠራልኝ!»

ከወንበሩ ስር ቅባት የጠገበ መጽሐፍ አወጣች። ኢድሪስ ገልብጦ አየው፤ ዘቅዝቆም አየው። ያው ነው። «እሺ፣ ማን ያንብበው?» አለ። ጎረቤት ሄደው መርዕድን ጠሩት።

መርዕድን ላስተዋውቃችሁ። መርዕድ አርባ ዓመት ባቡር ጣቢያ የሠራ ሰው ነው። ሁለት ሰዓት ነው የሚያስረው፣ ሁለት! በግራ እጁ የባቡሩን ሰዓት፣ ማለት የፈረንጁን፤ በቀኝ እጁ የኛን የአገሩን። ባቡሩ በፈረንጅ ሰባት የሚነሳ እንደሆነ፣ መርዕድ ግራውን ያይና ወደ መንገደኛው ዞሮ «አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል! አንድ ሰዓት!» ብሎ ይጮሃል። ስምንት ካየ «ሁለት» ይላል። ዘጠኝ ካየ «ሦስት» ይላል። አርባ ዓመት እንዲህ ሲል ኖረ። ጡረታ ወጣ፤ አፉ ግን ጡረታ አልወጣም።

አሁን ደግሞ የፌንጣን ሆድ ላሳያችሁ፤ ይቺን ካልያዛችሁ ተረቷ አትገባችሁም። በሞተሩ ጎን የሻይ ብርጭቆ የምታህል ቆብ አለች። ቆቧ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጣት ትሽከረከራለች። ከቆቧ አራት ሽቦ ይወጣል፤ አራቱ ሽቦ ወደ አራት ካንዴላ ይሄዳል። ካንዴላ እሳት የምትጭረው ናት። ጣቷ ወደ አንዷ ስትጠቁም፣ ያቺ እሳቷን ትጭራለች። ከካንዴላዎቹ ስር ደግሞ ፒስተን የሚባሉ አራት ሆዳሞች አሉ። ፒስተን ሁለት ጊዜ ብድግ ይላል። አንዴ አፉን በቤንዚን ሞልቶ፣ አንዴ ባዶ አፉን ጭሱን ሊተፋ። እሳቱ መምጣት ያለበት አፉ ሲሞላ ነው። ባዶ አፉን ሳለ ከመጣበትስ? አንተ ባዶ አፍህን አኝከህ ታውቃለህ? ምላስህን ነው የምትነክሰው!

ኢድሪስ ሁሉን ፈታ፣ አጠበ፣ ወለወለ። ጣቷን በእጁ ይዞ ጠየቀ።

«ጋሽ መርዕድ፣ መጽሐፉ ይቺን ወዴት አዙራት ይላል?»

መርዕድ መነጽሩን አደረገ። መጽሐፉ ላይ የሰዓት ሥዕል አለ። «የፊተኛው ፒስተን አፉን ሞልቶ ሲነሳ ጣቷ ሰባት ሰዓት ላይ ትጠቁም» ይላል መጽሐፉ። መርዕድ ሰባትን አየ፤ ጉሮሮውን ጠራረገና እንደ ልማዱ ጮኸ።

«አንድ ሰዓት ላይ! አንድ ሰዓት!»

ኢድሪስ ምን ያርግ? የተባለውን አደረገ። ጣቷን አንድ ሰዓት ላይ አቆመ፣ ቆቧን ደፋ፣ ብሎኑን አሰረ።

ጣቷ ከውስጥ ጮኸች። «ኧረ ዞሬያለሁ! ኧረ ፊቴ ወዲያ ነው!» ማን ይስማት? ድምጿ የትንኝ ነው።

አንዲት ግን ሰማቻት። አይጥ። አይጢት በፌንጣ ወንበር ውስጥ ስድስት ልጅ ወልዳ ተኝታ ነበር። ጆሮዋን ቀስራ አዳመጠችና ሳቀች። «እሰይ! እንግዲህ አትነሳም። ልጆቼ ሳይነቀነቁ ያድጉልኛል።»

አሰገደች ቁልፉን አዞረች። ሞቶሪኖ፣ ያ ሞተር የሚቀሰቅሰው፣ እርርርር አለ። ፌንጣ ግን አልዘለለችም። ጧ! ብላ አስነጠሰች። የኢድሪስ ፊት ጥላሸት ለበሰ፤ የጋራዡ አውራ ዶሮ ዘሎ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጣ።

አሰገደች ጥላሸቱን አየች፣ መኪናዋን አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን እልኸኛ ናት። «ስማ ኢድሪስ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ከተነሳች ደንገጎን እወጣባታለሁ። ካልተነሳች ግን ለጎሳዬ እሰጣታለሁ። የባሌ መኪና ሞታ ቆማ ከማያት፣ ድስት ሆና ለሰው ትጥቀም።»

ጎሳዬ ብረት አቅላጭ ነው። አሮጌ ሞተር ያቀልጥና ድስት ያደርጋል።

ፌንጣ ይሄን ስትሰማ አራቱም ጎማዋ ሟሸሸ። «ድስት? እኔ? ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ የምወጣው?»

ረቡዕ ከሰዓት አይጢት ወደ ሞቶሪኖ ሄደች። «አያ ሞቶሪኖ፣ አዘንኩልህ። አንተ ላብህ ጠብ እስኪል ትለፋለህ፣ ካንዴላዎቹ ደግሞ ተኝተዋል።»

«ተኝተዋል?» ሞቶሪኖ ጮኸ። «እናንት እንቅልፋሞች!»

«ማን ነው እንቅልፋም?» አሉ ካንዴላዎቹ። «አንተ ከመጮህ ሌላ ሙያ የሌለህ!»

ኢድሪስም ካንዴላዎቹን ጠረጠረ። አውጥቶ አዲስ አገባ። ጣቷ «ኧረ ዞሬያለሁ! ኧረ ፊቴ ወዲያ ነው!» አለች። ማን ይስማት? ቁልፉ ዞረ። እርርርር፤ ጧ!

ሐሙስ አይጢት ወደ አዲሶቹ ካንዴላዎች ሄደች። «ቆንጆዎች! እንዲህ ያማራችሁትን የሚያዋርዳችሁ ማን መሰላችሁ? ያ ሽማግሌ ባትሪ ነው። ጉልበት የለውም።»

«አንተ ጥርስ አልባ!» አሉት ካንዴላዎቹ።

«ትናንት ገብታችሁ ዛሬ ትሰድቡኛላችሁ?» አለ ባትሪ። «እኔ ውሃዬን ስጠጣ እናንተ ሳጥን ውስጥ ነበራችሁ!»

ኢድሪስም ባትሪውን ጠረጠረ። አውጥቶ ቻርጅ አደረገ፣ መለሰ። ጣቷ «ኧረ ዞሬያለሁ! ኧረ ፊቴ ወዲያ ነው!» አለች። ማን ይስማት? እርርርር፤ ጧ! ጧ!

ዓርብ አይጢት ወደ ባትሪው ሄደች። እናንተ፣ አታፍርም እኮ! «አባባ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ቤንዚኑ ነው። ውሃ ገብቶበታል ይላሉ።»

«ይላሉ? ማን ይላል?» አለ ቤንዚን፣ ገና ሳይከሰስ ጋኑ ውስጥ እየተናወጠ። «እኔን ነው ውሃ የምትሉኝ? ክብሪት አምጡና ልያችሁ!»

ኢድሪስም ቤንዚኑን ጠረጠረ። ቀድቶ ደፋው፣ አዲስ ሞላ። ጣቷ ድምጿ ሰልሎ «ኧረ ዞሬያለሁ... ፊቴ ወዲያ ነው...» አለች። ማን ይስማት? እርርርር፤ ጧ! ጧ! ጧ! የኢድሪስ ቆብ በርሮ ጎረቤት ግቢ ወደቀ።

ኢድሪስ ዱካ ላይ ተቀመጠ። «እኔ በጆሮዬ ብሠራት ኖሮ...» አለ። ደግሞ ተወው። እትዬ አሰገደችን ማን ይከራከራል?

ቅዳሜ ነጋ። ጎሳዬ በአህያ ጋሪ መጣ። በጋሪው ዙሪያ ድስት ተንጠልጥሏል፤ ሲሄድ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። አሰገደች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆመች። መርዕድም ሊሰናበታት መጥቶ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

ድስቶቹ ፌንጣን ሲያዩ ደስ አላቸው። «ነይ እህታችን! ነይ እንኳን ደህና መጣሽ!» አለች ትልቋ ድስት። «እኔም የጭነት መኪና ሞተር ነበርኩ። አሁን ሽሮ ይንተከተክብኛል። መጀመሪያ ያቃጥላል እንጂ በኋላ ትለምጂዋለሽ።»

ፌንጣ ዘይቷን ጠብ ጠብ አደረገች፤ መኪና ስታለቅስ እንዲያ ነው።

«እንዴት ነው የሚያቀልጡት?» አለች፣ እየፈራች።

«በእሳት ነዋ! ወንበርሽን አውጥቶ መጀመሪያ እሱን ያነደዋል። ጥጡ ጥሩ ማቀጣጠያ ነው።»

አይጢት ከወንበሩ ውስጥ ብድግ አለች። «ምን አልሽ? ምኑን ነው የሚያነደው?»

«ወንበሩን።»

«ልጆቼ!» አለች አይጢት። ሦስት ቀን የሠራችው ተንኮል ራሷ ላይ ዞረ። ወዲያ ሮጠች፣ ወዲህ ሮጠች። ስድስት ልጅ በአንድ አፍ ይዞ የት ይደረሳል? ሮጣ ሮጣ ማንጎ ዛፉ ስር ቆመች።

«አያ አውራ ዶሮ! ሰዓት አዋቂው! እባክህ ውረድ!»

አውራ ዶሮ አንገቱን ሰበቀ። «ዛሬ ነው ሰዓት አዋቂው የሆንኩት? ትናንት ጥሬዬን ስትለቅሚ ማን ነበርኩ?»

«ይቅር በለኝ። ጣቷ ዞራለች! ከረቡዕ ጀምሮ አውቃለሁ። መጽሐፉ የኖረው እኔ ወንበር ስር ነው፤ ሽማግሌው ሰባትን አንድ ብሎ ነው ያነበበው። ካልነገርክልኝ ልጆቼ ይቃጠላሉ!»

«እና እኔን ምን አገባኝ?» አለ አውራ ዶሮ።

አይጢት ብልጥ ናት። ወደ ጋሪው ጠቆመችው። ትልቋ ድስት አውራ ዶሮውን ከእግሩ እስከ አናቱ እያየች ክዳኗን ታንቀጫቅጫለች። «ከአንድ ሞተር ስንት ድስት ይወጣል?» አለችው አይጢት።

«እኔ ምን አውቃለሁ። አስር?»

«አስር ድስት ሲመጣ ስንት ዶሮ ይፈለጋል?»

አውራ ዶሮ በጥፍሩ ቆጠረ። ከዛፉ ላይ ወረደ ሳይሆን ወደቀ!

መቼም ሰው የዶሮ ቋንቋ አይሰማም፤ እንዴት ይንገረው? አውራ ዶሮ ግን ከማንጎው ላይ ሆኖ መርዕድን ስንት ጊዜ አይቶታል። በሁለቱ ሰዓቶች ላይ ያሉት አጭር እጆች ሁልጊዜ ጀርባ ለጀርባ ናቸው። አንዱ ወደ ላይ ሲያይ ሌላው ወደ ታች ያያል፤ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት። ዘሎ መርዕድ ጭን ላይ ወጣና ግራውን ሰዓት በአፉ ቆረቆረ፤ ቋ! ቀኙን ቆረቆረ፤ ቋ! ግራውን፣ ቀኙን፣ ግራውን፣ ቀኙን!

«ኧረ ይሄ ዶሮ አበደ!» አለ መርዕድ። «ኢድሪስ፣ ያዘው! መስታወቱን ሊሰብረው ነው!» ሁለት እጁን ከፍ አደረገ፤ ሰዓቶቹን ጎን ለጎን አየ። ጠዋት ነው፤ በኛ አንድ ሰዓት። የቀኙ አጭር እጅ ወደ ላይ አንድ ላይ ቆሟል። የግራው ወደ ታች ሰባት ላይ ቆሟል። ፊትና ጀርባ።

መርዕድ ከአግዳሚው ብድግ አለ።

«ኢድሪስ... መጽሐፉን አምጣው እስቲ።»

«ምነው ጋሽ መርዕድ?»

«ሰባት ነው የሚለው። ሰባት! እኔ ለመንገደኛ የምናገር መስሎኝ አንድ አልኩህ። ወይ ጉዴ! ጣት መንገደኛ ናት እንዴ? ባቡር ያመልጣታል?»

አሰገደች ከግድግዳው ዞረች። «ምን አሉ? በርስዎ አፍ ነው መኪናዬ ድስት ልትሆን የነበረችው?»

«በኔ አፍ ነው፣ ልጄ። ብትመቺኝም አይከፋኝም።»

«ኋላ እመታዎታለሁ። ኢድሪስ፣ ክፈታት!»

ጎሳዬ ገመዱን ይዞ ቆሞ ነበር። «ኧረ እኔ ልሂድበት፤ አህያዬን ፀሐይ መታት!»

አህያው ግን መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ማን ቸኮለ?» አለ ለራሱ። «ያቺን ብረት የምጎትተው እኔ ነኝ። እንዲያውም ይመርምሯት፣ ቀስ ብለው።»

ኢድሪስ ቆቧን አነሳ። ጣቷን ነቅሎ ግማሽ ዙር አዞራትና ሰባት ላይ ተከላት። «ተመስገን» አለች ጣቷ፣ «አንገቴ ሊቀነጠስ ነበር።» ቁልፉ ዞረ። እርርርር፤ ቡር! ፌንጣ ተነሳች! አሰገደች እልል አለች። ግን ቆይ፣ አላለቀም። ፌንጣ ተነሳች እንጂ አልዘለለችም። ዱብ... ዱብ... ዱብ... ትላለች፣ ከበሽታ እንደተነሳ ሰው።

«እሳቱ ዘገየ» አለ ኢድሪስ። ቆቧን በጥቂቱ አዞረ። አሁን ደግሞ ፌንጣ ጣጣጣጣ አለች፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርሷ ተንቀጫቀጨ።

«እሳቱ ቀደመ» አለ።

«መጽሐፉ ስንት ነው የሚለው?» አለች አሰገደች።

ኢድሪስ ቀና አለ። ሦስት ቀን የያዘውን ተናገረ። «እትዬ አሰገደች፣ መጽሐፉ ሰባት ላይ ድረስ አድርሶናል፣ እጁን ይባርከው። ከዚህ በኋላ ግን እሱ የእንግሊዝን ቤንዚን እንጂ የኛን አያውቅም። ደንገጎንም ወጥቶ አያውቅም። አሁን ጆሮዬን ይተዉልኝ።»

አሰገደች መጽሐፉን አየች፣ ጆሮውን አየች። መጽሐፉን ዘጋች። «ጸጥ በሉ ሁላችሁም!» አለች።

ጸጥ አሉ። ድስቶቹም ጸጥ አሉ። ኢድሪስ ዓይኑን ጨፍኖ ቆቧን እሳቱ ወደማይዘገይበትም ወደማይቀድምበትም ቦታ፣ በፀጉር ስፋት አዞረ። ጣቷ ጠቆመች፣ ካንዴላዋ ጫረች፣ ፒስተኑ አፉን ሞልቶ ጎረሰ። ቡርርርርርር! እንደ ንብ ቀፎ። ፌንጣም ዘለለች!

አሰገደች ሻሿን ጠበቅ አደረገች። መርዕድን ጎኗ አስቀመጠችው፤ ቅጣቱ ነው አለች፣ ዳገቱን ሁሉ ቁጣዋን ሊሰማ። ደንገጎ ላይ ሲደርሱ ፌንጣ ጥምዝምዙን በሦስተኛ ማርሽ ወጣችው። በወንበሩ ውስጥ አይጢት ልጆቿን እንቅ አድርጋ ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ልጆቿ ግን «እማዬ፣ ይድገምልን! እማዬ፣ ይድገምልን!» ይላሉ። ለካ መነቅነቅ ይወዳሉ! ሳትጠይቃቸው ነው ስታስብላቸው የሰነበተችው።

ጎሳዬም በባዶ ጋሪ ተመለሰ። የደስተኛ አህያ ሩጫ አይታችኋል? አውራ ዶሮም ማንጎው ላይ ወጥቶ ድስቶቹ እስኪርቁ አልወረደም።

መርዕድ ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስንት ነው ሲሉት ዝም ብሎ አይመልስም። መጀመሪያ «በማን ሰዓት?» ብሎ ይጠይቃል።

እናንተም ልጆቼ፣ ከጓደኛችሁ ጋር ነገር አልገጥም ሲላችሁ፣ ይሄ ሰነፍ ነው፣ ያ ደካማ ነው ብላችሁ ካንዴላውንም ባትሪውንም ቤንዚኑንም አትክሰሱ። «በማን ሰዓት ነው የምትቆጥረው?» በሉት። ምናልባት ሁላችሁም ደህና ናችሁ፤ በግማሽ ዙር ብቻ ነው የተላለፋችሁት። ደግሞ ድምጿ የትንኝ የሆነች ስትጮህ ጎንበስ ብላችሁ ስሟት።

ተረቴ ወጣች። በሩን ዝጉላት፤ ቀስ ብላችሁ፣ ጅራቷን እንዳትቆልፉባት።